ምን ሲበይዱ ዋሉ?

በያጅ እየተንቀጠቀጠ ሲመጣ ትኩሳቱን ሳልለካ በፊት የምጠይቀው ይህን ነው። ብዙዎቹ «ብረት ነዋ ዶክተር» ይሉኛል። ብረትማ ነው። ጣጣው ያለው ግን በላዩ ላይ በተለበጠው ነገር ነው።

ዚንክ የተለበጠ ብረት ሲበየድ ዚንኩ 907 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ይፈላና ነጭ ጭስ ሆኖ ይወጣል። ሰውየው ሥራውን በሰላም ጨርሶ ይሄዳል። ማታ ላይ አፉ ብረት ብረት ይለዋል፣ ጉሮሮው ይደርቃል፣ ከዚያ ብርድ ብርድ፣ ትኩሳትና ቁርጥማት ይከተላል። ጉንፋን ነው ብለው አንቲባዮቲክ የሚሰጡት አሉ፤ ምንም አይፈይድለትም። እረፍት፣ ፈሳሽና የትኩሳት ማብረጃ ይበቃዋል፤ ብዙውን ጊዜ በአንድ ሁለት ቀን ይለቀዋል። ወተትም አያድንም፤ ወተት የሚገባው ሆድ ነው፣ ጭሱ ያለው ሳንባ ውስጥ።

እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ካድሚየም የሚባለው መርዛማ ብረት ነው። አንዳንድ የብር መበየጃ ዘንግ ውስጥ አለ፣ ገና 765 ዲግሪ ላይ ይፈላል። የመጀመሪያው ምሽት ከዚንኩ ጋር ቁርጥ አንድ ነው፤ ራጁም ንጹሕ ሊሆን ይችላል። በማግስቱ ግን ደረት ይጨንቃል፣ ሳንባ ውኃ ይቋጥራል። ሰው ይሞታል። ከሳንባ የሚያወጣልን መድኃኒት ስለሌለ ኦክስጅን እየሰጠን፣ ትንፋሹን እየተከታተልን እናሳድረዋለን። «ደህና ነኝ እኮ፣ ልሂድ» ቢለኝም አልሰማውም።

ሜርኩሪ ደግሞ ሌላ ነው። እንፋሎቱ አይታይም፣ አይሸትም። ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጥቼ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት የሚጠቀለል መስመር አስስላለሁ። መስመሩ ጥርስ ጥርስ ካወጣ እጁ ይንቀጠቀጣል ማለት ነው፤ ያኔ ድዱን አያለሁ፣ ሽንቱን አስመረምራለሁ። ለሜርኩሪና ለእርሳስ ብረቱን አስሮ በሽንት የሚያወጣ መድኃኒት አለ። አሠሪዎች ይህን ሲሰሙ ደስ ይላቸዋል፦ «በቃ፣ እሱን ስጡትና ሰኞ ይግባ!» እዚህ ላይ ነው የምንጣላው። ጭሱ ውስጥ ተመልሶ ለሚቆም ሰው መድኃኒቱን መስጠት በሚያፈስ ባልዲ ውኃ መቅዳት ነው። መጀመሪያ ከጭሱ ይውጣ፤ ጭስ መሳቢያውም ይገጠም።

በያጆች፣ ክሊኒክ ስትመጡ የዘንጉን ካርቶን ይዛችሁ ኑ። ካርቶኑ ከተጣለም ጓደኛችሁ ጽሑፉን በስልክ አንስቶ ይላክልን።