እባክዎ አያጥቡት

የእኔ ሥራ ማጽዳት ነው። ዴንቨር፣ ኮሎራዶ፣ አንድ ሙዚየም ውስጥ ከዳይኖሰር አጥንት ላይ የተጋገረውን ድንጋይና አፈር በመርፌና በብሩሽ እየፈቀፈቅኩ አነሣለሁ። እንዲህ ያለ ሰው “እባካችሁ አታጽዱ” ሲል ግር ይላል። ግን ከልቤ ነው የምለው።

ቅሪተ አካል ሰብስበው ቤታቸው ያስቀመጡ ሰዎች ይዘው እየመጡ “ይሄ ምንድን ነው?” ይሉናል። ከእነሱ አንዷ ባለቤታቸው በቅርቡ ያረፉባቸው አዛውንት ነበሩ። ባልየው ምሥራቅ ዋዮሚንግ ውስጥ፣ በአንድ ወዳጃቸው የከብት እርባታ መሬት ላይ፣ በየበጋው እየዞሩ ሲለቅሙ የኖሩ ሰው ናቸው። ሴትዮዋ ጠረጴዛው ላይ ባለ መስታወት ሣጥን አስቀመጡ። ጠፍጣፋ አጥንቶች ከትልቅ እስከ ትንሽ ተደርድረዋል። ታጥበው በቫርኒሽ ተቀብተዋል። ክዳኑ ላይ በባልየው የእጅ ጽሑፍ “የቲ ሬክስ ቆዳ” ይላል። አጠገባቸው አንድ እውነተኛ የቲ ሬክስ ጥርስ አለ።

ግዙፉ ሥጋ በል ዳይኖሰር ቲ ሬክስ እንዲህ ያለ ጥሩር፣ ማለትም ቆዳ ውስጥ የሚበቅል የአጥንት መከላከያ፣ አልነበረውም። ግን በሰውየው አይፈረድም። በ1900 ባርነም ብራውን የተባለው ዝነኛ አጥንት ፈላጊ እዚያው ዋዮሚንግ ውስጥ የአንድ ትልቅ ሥጋ በል ዳይኖሰር አጽም ሲያወጣ ከጎኑ ብዙ የቆዳ አጥንት አገኘ። ስመ ጥሩው የቅሪተ አካል ተመራማሪ ሄንሪ ኦስቦርን በ1905 እንስሳውን ዳይናሞሳውረስ ብሎ ሲሰይመው ጥሩሩም የራሱ የሥጋ በሉ መስሎት ነበር። በዓመቱ አጽሙ የቲ ሬክስ መሆኑን ራሱ ኦስቦርን ጻፈ። ጥሩሩ ደግሞ ብራውን በ1908 አንኪሎሳውረስ ብሎ የሰየመው የቅጠል በሉ ዳይኖሰር ሆኖ ተገኘ። ኦስቦርንን ያህል ሰው ያሳሳተ ነገር አንድ ጡረተኛን ቢያሳስት ምን ይገርማል? ጎርፍ የሁሉንም አጥንት አንድ ቦታ ያከማቻል። አብሮ ተገኘ ማለት የአንድ እንስሳ ነው ማለት አይደለም።

ባልደረባዬ አንዱን አነሣና “ይሄ የአዞ ነው” አለ። ልክ ነበር። ቀጥሎ ያነሣው ግን የአዞ አልነበረም። አዞ ቆዳው ውስጥ የሚያበቅለው አጥንት ላዩ በጥልቅ ክብ ጉድጓዶች የተሞላ ነው፤ የማር እንጀራ ይመስላል። የኤሊ ቅርፊት ውፍረቱ ብዙም አይለዋወጥም፤ ላዩ ላይም ቀጫጭን መስመሮች ይታያሉ። የአንኪሎሳውረስና የዘመዶቹ ጥሩር ግን ሻካራ ነው። የደም ሥር ያለፈባቸው ትንንሽ ቦዮች አሉት። ብዙ ጊዜ ጀርባው ላይ ሸንተረር አለው፤ ሸንተረሩ መሐል ላይ ላይሆን ይችላል። ገልበጥ ሲያደርጉት ሆዱ ጎድጎድ ያለ ነው። እኔ ደግሞ ስብራቱን ሳላይ አላምንም። የተሰበረውን ጠርዝ በአጉሊ መነጽር ሳየው ከላይ ስስና ጥቅጥቅ ያለ ሽፋን፣ ከሥሩ ወንፊት የሆነ አጥንት ነበር።

እንዲህ አንድ በአንድ ስንለይ አብዛኛው እውነተኛ ጥሩር ሆነ። ደስ አለን። “ባለቤትዎ የጻፉት ነገር አለ?” አልኳቸው። ከቦርሳቸው ደብተር አወጡ። ባልየው ለእያንዳንዱ ቁራጭ ቁጥር ሰጥተው፣ የት እንዳገኙት፣ አፈሩ ምን ዓይነት እንደነበር በእርሳስ ጽፈዋል። ግሩም ሥራ ነው።

“ቁጥሩስ አጥንቱ ላይ የታለ?”

“ሞነጫጭሮበት ነበር። እንዲያምር ብዬ አጠብኩት።”

ክው አልኩ። ፊቴን አይተው “ምን አጠፋሁ?” አሉ። አንጀቴን በሉት። ለባላቸው ክብር ብለው እኮ ነው በጥርስ ብሩሽ ሲያሹት የሰነበቱት።

ደብተሩ ሁለት ቦታ ይጠቅሳል። አንዱ በወዳጃቸው መሬት፣ ጅረቱ ዳር፣ ግራጫ አሸዋ። ሌላው “ከአጥሩ ማዶ”፣ ቡናማ ሸክላ አፈር። ከአጥሩ ማዶ ያለው ደግሞ የፌዴራል መንግሥት መሬት ነው። አሜሪካ ውስጥ በግል መሬት ላይ የተገኘ ቅሪተ አካል የባለ መሬቱ ነው። ከፌዴራል መሬት ግን የጀርባ አጥንት ያለው እንስሳ ቅሪት ያለ ፈቃድ አይነሣም፤ በ2009 የወጣው ሕግ ይህንን በግልጽ ደንግጓል። ለሳይንሱም ቢሆን ቦታው ወሳኝ ነው። በዚያ አካባቢ ላንስ የሚባለው የዓለት ንብርብር አለ። በዚህ ንብርብር ከአንኪሎሳውረስ ሌላ የከተማችንን ስም የያዘው ሌላው ባለ ጥሩር ዳይኖሰር፣ ዴንቨርሳውረስም ይገኛል፤ ሮበርት ባከር በ1988 የሰየመው ነው። ብዙ ቁራጭ ከአንድ ጉብታ ሥር ከወጣ የአንድ እንስሳ ሊሆን ይችላል፤ የየትኛው እንደሆነ ለማወቅም ተስፋ አለ። ቦታው የጠፋበት ነጠላ ቁራጭ ግን ያን ያህል አይናገርም።

ያተረፈን ብሩሹ ያልደረሰበት ቆሻሻ ነው። ጎድጎድ ባለው ሆድና በትንንሾቹ ቦዮች ውስጥ፣ ከቫርኒሹ ሥር፣ ጥቂት አፈር ቀርቶ ነበር። ቫርኒሹን በአሴቶን አለሰለስኩት። ከዚያ በማይክሮስኮፕ እያየሁ ከእያንዳንዱ ቁራጭ ጥቂት ቅንጣት በመርፌ ጫፍ አውጥቼ በትንሽ ብልቃጥ አስቀመጥኩ። የቀረውን አልነካሁትም። ሦስት ትሪ አዘጋጀን፦ ግራጫ፣ ቡናማ፣ ያልታወቀ። ጥሩሩ ባብዛኛው ግራጫው ላይ አረፈ፤ አዞውና ኤሊው ወደ ቡናማው ሄዱ። ስለ ቡናማው መሬቱን ለሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት ተጻፈ። ሦስተኛው ትሪ ላይ ግን ከሁሉም የሚያምሩት ነበሩ። ሙልጭ ብለው ታጥበዋል፤ አንዲት ቅንጣት እንኳ አልቀረባቸውም።

ከዚያ ወዲህ ለሚመጣው ሰው ሁሉ መጀመሪያ የምነግረው ይህንን ነው፦ አያጥቡት፣ አይቀቡት፣ ከወረቀቱና ከካርቶኑ አይለዩት። የተሰበረ ካለ ሁለቱንም ስባሪ እንዳለ ያምጡት፤ በሱፐር ግሉ አያጣብቁት።

ሴትዮዋ በኋላ ደወሉ። ጋራዡን ሲያስተካክሉ አንድ የቡና ጣሳ ሙሉ አጥንት አግኝተዋል። “እንዳልነካው ብዬ ነው” አሉኝ። እንዳለ ይዘውት መጡ። አፈሩ ግራጫ አሸዋ ነው። ቁጥሮቹም ይነበባሉ። ከውስጡ አንዱ ስባሪ፣ ሸንተረሩ ለሁለት የተከፈለ፣ ካልታወቀው ትሪ ላይ ካለው ትልቅ ጠፍጣፋ ጋር ስናጋጥመው ልክክ አለ። ያንን ጠፍጣፋ አንሥቼ ግራጫው ትሪ ላይ አስቀመጥኩት። ቁጥሩን ግን ሴትዮዋ ናቸው የጻፉት፣ በእርሳስ።