ሐረጎን ወጥቶ ይመጣ ለነበረው

ውድ ወዳጆቼ፣ እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን በሰላም አሸጋገራችሁ። ደሴ ዛሬ በጉም ተሸፍና ነው ያነጋችው። ከቧንቧ ውሃ ሰፈር ሆኜ የጦሳን ተራራ ማየት አልቻልኩም፤ የአበባየሆሽ ከበሮ ግን ከጎረቤት ግቢ ይሰማኛል፤ ትንንሾቹ ገና ሦስተኛ ቤት ሳይደርሱ ድምፃቸው ሻክሯል። ለእነርሱ የመነዘርኩትን ብር ኪሴ ከትቼ፣ በሩንም ገርበብ አድርጌ ይህን እጽፍላችኋለሁ።

በየዓመቱ በዚህ ዕለት የምጽፍላችሁ ስለ መንገድ እንደ ነበር የምታስታውሱ አትጠፉም። ወይዘሮ ስኂን ትምህርት ቤት አንድ ዴስክ ላይ የተዋወቅን አራት ጓደኞች ነን፤ አንዱ ኮምቦልቻ፣ እኔ ደሴ፣ ሦስተኛው አዲስ አበባ፣ አራተኛዋ እህታችን ሐዋሳ። መስቀል ባለፈ በሳምንቱ ከአራታችን በአንዳችን ቤት እንገናኝ ነበር። ለእኛ ለወሎዎቹ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሐዋሳ ሲሆን ደግሞ ሌላ 275 ይጨመርበታል። መኪናው የኮምቦልቻው ጓደኛችን አሮጌ ኮሮላ ነው፤ መሪውም ሁልጊዜ በእርሱ እጅ ነበር፤ ዕድሜውን ሙሉ በባቲና በሚሌ በኩል ወደ ጅቡቲ ተሳቢ ሲያመላልስ የኖረ ሾፌር በመሆኑ ሌላ ሰው ይንዳ ብሎ የሚያነሣ አልነበረም።

አንድ ነገር ሳልነግራችሁ ቀርቻለሁ። ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ የደሴ ሰው በኮምቦልቻ በኩል ይወርዳል፤ የኮምቦልቻ ሰው ግን ወደ ደሴ የሚወጣበት አንዳች ምክንያት የለውም፤ መንገዱ ወደ ኋላ ነውና። እርሱ ግን በየዓመቱ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነሥቶ፣ የሐረጎን ጠመዝማዛ ዳገት 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወጥቶ፣ እኔን ከደጄ ይዞ፣ ያንኑ መንገድ መልሶ ይወርደው ነበር። "ተው፣ በሚኒባስ እወርድልሃለሁ" ስለው "አብሽር፣ መንገድ የሚጀመረው ከሰው ደጅ ነው" ይለኛል። ጎረቤት እንዳይነቃ ብሎ ጥሩምባ አይነፋም፤ የቆርቆሮውን በር በመኪናው ቁልፍ ሦስት ጊዜ ነካ ነካ ያደርጋል። እኔም ያንን ድምፅ እየጠበቅሁ ሳልተኛ የማድር ሰው ነበርኩ።

ሐረጎን ስንወርድ ሬዲዮውን ይዘጋና በሁለተኛ ማርሽ ይይዘዋል። ቁልቁለት በወጡበት ማርሽ ይወረዳል፣ ፍሬን ለጭንቅ ጊዜ ይቀመጣል የሚለውን ከእርሱ የተማርኩት እዚያ ነው። ከዚያ ሐርቡ፣ ከብት የተሰማራበት የጨፋ ሜዳ፣ ከሚሴ፣ ካራቆሬ፣ አጣዬ፣ ዕለቱ እሑድ ከሆነም የሰንበቴ ገበያተኛ። ሸዋ ሮቢት ሙቀቱ መስኮት ያስከፍተናል፤ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ግን የደብረ ሲናን ዳገት ወጥተን፣ ቆሏችንን ገዝተን፣ ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነው ጣርማ በር ላይ ጃኬት እንደርባለን። ዋሻው ከመድረሱ በፊት መኪናውን ዳር ያስይዝና ከፔርሙዙ ቡና ይቀዳል፤ ከዚያ ገደል አፋፍ ሆኖ ያለፍነውን ቆላ ቁልቁል እያየ ሳይናገር ይጠጣል። እኛም አንናገርም።

ሰዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው ወደ ፊት እያዩ የሚያወሩት ወሬ፣ ፊት ለፊት ከሚያወሩት የተለየ እንደሆነ አምናለሁ። ባለቤቴ በጠና የታመመችበትን ዓመት ጭንቀቴን አውጥቼ የተናገርኩት በዚያ መኪና ውስጥ፣ ከሚሴን አልፈን ነው። አንድም የምክር ቃል አልሰጠኝም፤ መኪናውን ቀስ አደረገው እንጂ። ሰባት ወይም ስምንት ኪሎ ሜትር ያህል እንዲሁ በዝግታ ሄድን፤ እንድጨርስ ጊዜ እየሰጠኝ እንደነበር የገባኝ ኋላ ነው።

በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ጦርነቱ ወደ እኛ ሲቃረብም ሐረጎን ወጥቶ መጣ። ያን ጊዜ የመጣው በጭነት መኪናው ነበር፤ የእኔን ቤተሰብና የጎረቤቶቼን ሕፃናት ከነአሮጊቶቻቸው ጭኖ ደብረ ብርሃን አደረሰን። ስለዚያ ሳምንት ከዚህ በላይ መጻፍ አልፈልግም። ባለውለታዬ መሆኑን ግን በሕይወት ሳለ በአደባባይ መናገር ነበረብኝ።

ባለፉት ሁለት ዓመታት የመንገዱ ሁኔታ ስላሰጋን ጉዟችን ቀረ። እርሱም ስኳሩ ዓይኑን ስለያዘው ከሚያዝያ ወዲህ መሪ መጨበጥ አቆመ። በየሳምንቱ እንደዋወል ነበር፤ ሰላምታ ተለዋውጠን ስንጨርስ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይጠይቀኛል፤ "ሐረጎ እንዴት ነው?" እኔም ጉም እንደሆነ፣ ወይም ዝናብ እንደሆነ፣ ወይም የተናደ አፈር እንደተጠረገ እነግረዋለሁ። የሾፌር ነገር፣ መንገዱ ናፍቆት ነው እያልኩ። ነሐሴ ሲገባ "ፍልሰታ ይለፍና እመጣለሁ" አልኩት። "አብሽር" አለኝ። ጾሙ ሊፈታ ሁለት ቀን ሲቀረው ማለዳ ልጁ ደወለልኝ።

ያን ዕለት ሐረጎ ላይ የነበረው ጉም የመኪናዬን አፍንጫ እንኳን አያሳይም ነበር። እጄም ይንቀጠቀጣል። ዳር ይዤ ቆሜ ሳለሁ አንድ የአይሱዙ ሾፌር አጠገቤ አቁሞ መስኮቱን ዝቅ አደረገና ወዴት እንደምሄድ ጠየቀኝ። ለቅሶ እንደሆነ ስነግረው ምንም ሳይጨምር ፊቴ ገባ፤ አራቱንም ፍሬቻ አብርቶ፣ በየጠመዝማዛው እየጠበቀኝ፣ እስከ ታች አወረደኝ። ኮምቦልቻ መግቢያ ላይ በእጁ ሰላምታ ሰጥቶኝ አለፈ። ስምህን አላውቅም፤ ይህን የሚያነብልህ ሰው ከተገኘ ግን፣ ወንድሜ፣ ቀብሩ ላይ የደረስኩት በአንተ ነው። እግዚአብሔር ከመንገድ ክፉ ይጠብቅህ።

ከዐስር ሶላት በኋላ ቀበርነው። ከቀብር መልስ ሴቶቹ ወደ ተቀመጡበት ገብቼ ባለቤቱን ላጽናና ጎንበስ ስል፣ ፊቷን ከነጠላዋ ቀና አድርጋ "ወንድሜ፣ ሐረጎ እንዴት ነበር?" አለችኝ። መልስ አጣሁ። ከላይ በሚኒባስ የሚመጣውን ሁሉ በየጠዋቱ ይህንኑ ይጠይቅ እንደነበር የነገረችኝ በሰልስቱ ነው። መንገዱ ለእኔ እንዲመች ነበር የሚጠይቀው። በእነዚያ ወራት የሐረጎ መንገድ አንድም ቀን አልተስተጓጎለም አልልም፤ ብዙውን ጊዜ ግን ክፍት ነበር፤ 25 ኪሎ ሜትር ነው።

የአዲስ አበባው ወዳጄ፣ በወሬው ማግስት ጎህ ሳይቀድ ተነሥተህ፣ እርሱ የሌለበትን መንገድ ብቻህን ነድተህ ስለመጣህ አመሰግንሃለሁ፤ ጣርማ በር ላይ አቁመህ ቡና መቅዳትህን ስትነግረን ያለቀስነው ሁላችንም ነን። የሐዋሳዋ እህቴ፣ በአውቶቡስ ሁለት ቀን ተጉዘሽ፣ እግርሽ አብጦ ገብተሽ፣ ሳታርፊ ወደ ማጀት የዘለቅሽው ከዓይኔ አይጠፋም። ልጆቹም የአባታቸው ጓደኞች እነማን እንደሆኑ በዚያ ሳምንት አዩ። ሦስታችንም ሥራ አለን፣ ሦስታችንም ጊዜ የለንም ስንል የኖርን ነን፤ ለለቅሶው ግን ማናችንም ፈቃድ አላጣንም። እርሱ ይህንን ቢያይ ደስ ይለው ነበር ብሎ የሚያጽናናኝ አለ። እኔ ግን ለቡና ብንመጣለት ይመርጥ እንደነበር አውቃለሁ።

ስለዚህ ለአዲሱ ዓመት ጤናና ሰላም ስመኝላችሁ ከልቤ ነው፤ ሰላሙን በተለይ ለመንገዱና መንገድ ላይ ለሚውለው ሰው እመኛለሁ። ሐይቅ ከተማ ሆናችሁ ደሴ ያለ ወዳጃችሁን፣ ባቲ ሆናችሁ ኮምቦልቻ ያለውን፣ በዓሉ ይለፍና ያላችሁ ካላችሁ ግን፣ እባካችሁ ዛሬ ደውሉና ቀኑን ቁረጡለት። እርሱ ስለ መንገዱ ከጠየቃችሁም ስለ ጉሙ አትንገሩት፤ መቼ እንደምትደርሱ ንገሩት።

እኛ ሦስታችን መስቀልን ኮምቦልቻ እናሳልፋለን፤ ለዚህ ተማምለናል። እኔ ግን እስከዚያ አልጠብቅም። ልጆቹ ዘፍነው፣ መርቀው ሄደዋል፤ ከሰጡኝ አደይ አበባ ግማሹን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ከኋላ ወንበር ላይ አስቀምጫለሁ፣ ባለቤቴም ፔርሙዙን ሞልታልኛለች። ጉሙ እንደሆነ አልገፈፈም። ለኮምቦልቻዋ እህቴ፣ ለባለቤቱ፣ አሁን ደወልኩላት፤ በሁለተኛ ማርሽ ነው የምወርደው፣ ስድስት ሰዓት ሳይሞላ እደርሳለሁ፣ አልኳት።