ኪቦርድ ለመልመድ መጀመሪያ ማሲንቆ ስሙ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ኪቦርድ የሚለማመዱ ልጆች ሲያገኙኝ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ «ማንን ልስማ?» ብለው ነው። ጥሩ ጥያቄ ነው። የሚጠብቁት ግን የኪቦርድ ተጫዋቾች ስም ነው። እኔ ደግሞ «ለጊዜው ኪቦርድ አትስማ» ስላቸው ግር ይላቸዋል። አንዳንዱማ እውቀቴን የሰሰትኩበት ይመስለዋል።

የሠርግ ኪቦርዲስት ነኝ። ከደጀን እስከ ቡሬ ድንኳን በተተከለበት ሁሉ ከባንዳችን ጋር እሄዳለሁ። ሙዚቃ ትምህርት ቤት አልገባሁም፣ የተማርኩት በመስማት ነው። እና ምን ሰምቼ ምን እንዳተረፍኩ ልንገራችሁ። ዓመተ ምህረት ስጠቅስ በፈረንጆቹ ነው።

መጀመሪያ ማሲንቆ። ኪቦርድ አንድ ትልቅ ችግር አለበት፤ ቁልፉን ትጫናለህ፣ ድምፁ ይወጣል፣ አለቀ። በሁለት ቁልፎች መካከል ምንም የለም። ማሲንቆ ደግሞ ከፈረስ ጭራ የተሠራች አንዲት አውታር ይዞ ዋናውን ሥራ የሚሠራው እዚያ መካከል ላይ ነው። ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ይንሸራተታል፣ ይንቀጠቀጣል፣ አንዳንዴም ሊደርስበት የነበረውን ድምፅ ጫፉን ብቻ ነክቶ ይመለሳል። ሰው ሲያንጎራጉር የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

አዝማሪ ቤት ገብቼ፣ አስፈቅጄና ሸልሜ በስልኬ እቀዳለሁ። (ሳይሸልም የሚቀዳ ሰው ካጋጠማችሁ በግጥም ሲሞለጭ ታያላችሁ፤ ለነገሩ እሱም ራሱ ትምህርት ነው።) ቤት ስገባ ኪቦርዱን አልነካም። ዜማውን በአፌ አወጣዋለሁ። በአፌ ያልወጣልኝን በጣቴ ለማውጣት አልሞክርም፤ ይህቺን ሕግ ማንም ቢለምነኝ አልለቃትም። ከዚያ ቀኝ እጅ ብቻ። ኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች) የለም፣ ስታይል (ኪቦርዱ በራሱ የሚመታው አጃቢ) የለም፣ ግራ እጄ ድምፁን በሚያንሸራትተው ፒች ቤንድ ላይ ነው። ስልኬ ላይ ዘፈን የሚያዘገይ አፕ አለ፤ ፍጥነቱን በግማሽ ቀንሼ አንዷን ስንኝ እየመላለስኩ እሰማታለሁ። አሰልቺ ነው፣ አልዋሻችሁም። ግን አንድ ዜማ እንዲህ አድርጎ የያዘ ልጅ ሃያ ዘፈን ላይ ላዩን ከሰማው ልጅ ይሻላል።

ከመንሸራተቱም በላይ የጠቀመኝ ግን ዝም የሚባልበትን ቦታ ማወቄ ነው። ሠርግ ላይ አንዱ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ሲሰጥ አስተውሉ። አዝማሪው ግጥሙን ተቀብሎ ሲያዜም ማሲንቆው ከድምፁ ሥር ገብቶ፣ ዘግየት እያለ ይከተለዋል። ስንኙ አልቆ አዝማሪው ትንፋሽ ሲወስድ ነው ማሲንቆው ቀና ብሎ የሚናገረው። እኛ የሠርግ ኪቦርዲስቶች ግን ዘፋኙ ሲዘፍንም፣ ሲተነፍስም፣ ውሃ ሲጠጣም ሶሎ ላይ ነን። ማሲንቆውን ሰምቼ እጄን መሰብሰብ የጀመርኩ ሰሞን ዘፋኛችን «ዛሬ ምን ሆነህ ነው? የራሴ ድምፅ ተሰማኝ እኮ» አለኝ።

አዝማሪ ቤት ለራቃችሁ የጌታመሳይ አበበን ማሲንቆ ፈልጉ። እሳቸውን ስትፈልጉ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን ታገኛላችሁ። በትውልድ ግብፃዊ የሆነው የሙዚቃ ሰው ሃሊም ኤል ዳብህ በ1963 አዲስ አበባ ላይ ያቋቋመው ቡድን ነው፤ ኋላ ተስፋዬ ለማ መርተውታል። ለየብቻ መጫወት የለመዱት ማሲንቆ፣ ክራር፣ ዋሽንትና በገና አንድ ላይ ተቀምጠው አንዱ ለሌላው ቦታ ሲለቅ ትሰማላችሁ። ባንድ ውስጥ የሚጫወት ሰው ይህን ደጋግሞ ቢሰማ አይከስርም።

ስለ ቅኝት፣ ማለትም ዜማ ስለሚሠራባቸው አምስት ድምፆች፣ አጭር ነገር። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ። ስማቸውን ሁሉም ይሸመድዳል፤ ልዩነታቸውን የሚሰማው ጥቂት ነው። አምባሰልን ከዶ ብትጀምሩ ዶ፣ ሬ ፍላት (በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለች ሬ)፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት ነው። ሶሏን በግማሽ ድምፅ ዝቅ፣ ላ ፍላቷን በግማሽ ድምፅ ከፍ አድርጓት፤ አንቺሆዬ ሆነ። የተነካው ሁለት ድምፅ ነው፣ ስሜቱ ግን ሌላ አገር ይወስዳችኋል። ደግሞ በኪቦርድ የምትጫወቱት አንቺሆዬ ከማሲንቆ ጋር ሲገጥም ቢጎረብጣችሁ አትደንግጡ። ማሲንቆም የሰው ድምፅም ፒያኖ እኩል እኩል ከፋፍሎ ባሰመረው መስመር ላይ አይቆሙም። ዘፋኙ ወዳለበት በፒች ቤንድ ጠጋ ማለት የእናንተ ሥራ ነው።

ከዚያ ጋሽ ጌታቸው መኩሪያ። ሳክስፎን ለኪቦርዲስት ምን ይሠራል ትሉ ይሆናል። እሳቸው ሽለላና ቀረርቶን ወስደው በቴነር ሳክስፎን አወጡት። ጎጃም ላደገ ሰው ሽለላ ምን እንደሆነ አላስረዳም። ሸላዩ በምት አይታሰርም፤ ደረቱን ነፍቶ ያስረዝማል፣ ድንገት ይቆርጣል፣ እንደገና ይነሳል። ያ ሁሉ ከሳክስፎን ሲወጣ መሣሪያው ፈረንጅነቱን ይረሳል። ቅጂያቸውን እንደሰማሁ ገጠር ዘመዶቼ ዘንድ ወርጄ ሽለላ ከሚችሉ ሽማግሌዎች ጎን ተቀመጥኩ፤ ጠላው ሞቅ ሲያደርጋቸው ደግሞ ይበልጥ ሰማሁ። እስካሁን የሚያገለግለኝ ዘዴ የመጣው ከዚህ ነው። አንድ ሙዚቀኛ ስትወዱ እሱ የሰማውን ፈልጋችሁ ስሙ፣ ምክንያቱም እሱን ብቻ የሰማ ሰው የሚያወጣው የእሱን ቅጂ ነው፣ ያውም የደበዘዘ። ጋሽ ጌታቸው በ2006 ዘ ኤክስ ከተባለው የሆላንድ ባንድ ጋር የሠሩትን አልበምም ስሙት። በዚያ ሁሉ የኤሌክትሪክ ጊታር ጩኸት ሥር ሆኖም ሽለላው ሽለላ ነው።

ወደ ኪቦርድ ስመለስ መጀመሪያ የያዝኩት ጋሽ ኃይሉ መርጊያን ነው። የዋልያስ ባንድ ኦርጋን ተጫዋች ነበሩ። በ1985 አሜሪካ ውስጥ ብቻቸውን በሠሩት ካሴት ላይ አኮርዲዮን አንስተው በሲንተሳይዘርና በድራም ማሽን አጀቡት። ለእኛ ለሠርግ ሰዎች ከዚህ የበለጠ ትምህርት የለም። ብዙ ሰው «ማሽን ሙዚቃውን ገደለው» ይላል፣ እኔም ስታይል እየከፈትኩ እንጀራዬን ስለምበላ ነገሩ ይነካኛል። እዚህ ካሴት ላይ ግን ማሽኑ አለ፣ ከላዩ ያለው ዜማ ግን ይተነፍሳል፣ ይዘገያል፣ ይቀድማል። ማሽኑ ቀጥ ብሎ ሲሄድ እጃችሁ አብሮ ቀጥ ካለ ነው ጉዱ። በ2013 ካሴቱ እንደገና ሲታተም ጋሽ ኃይሉ ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ይነዱ ነበር፤ ደንበኛ እስኪመጣ መኪና ውስጥ በያዟት ኪቦርድ ይለማመዱ ነበር። ጊዜ የለኝም ለሚለኝ ልጅ የምነግረው ይህን ነው።

ፒያኖ ተጫዋቿ መነኩሴ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ሌላ ዓለም ናቸው። በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ፣ ኋላም ካይሮ ሄደው የአውሮፓን ሙዚቃ ተምረዋል። መንኩሰው ደግሞ የቅዱስ ያሬድን ዜማ አጠኑ። በ2023 ኢየሩሳሌም ውስጥ በ99 ዓመታቸው አረፉ። ፒያኖአቸውን ስሰማ በእግሬ ምቱን ልከተል ስል ያመልጠኛል። ዘዴዬን ተጠቅሜ እሳቸው ወደሰሙት ሄድኩ፤ ከመንደሬ ሩቅ አይደለም፣ የክብረ በዓል ማኅሌት ነው። ግዕዝ፣ ዕዝል፣ ዓራራይ በሚባሉት ዜማዎች ሊቃውንቱ ሲያዜሙ የሚመራቸው ቃሉና ትንፋሹ ነው። ከዚያ የማኅሌቱ ደረጃዎች ይከታተላሉ፤ ዝማሜው በመቋሚያ ይመጣል፣ መረግዱ በከበሮ ይከተላል፣ ጽፋቱ ላይ ሲደረስ ጭብጨባውም ከበሮውም ይፈጥናል። ጎጃም ውስጥ ያደገ ልጅ ይህን በነፃ፣ በእግሩ ሄዶ ይሰማዋል። እኔ አንድ ዘፈን ከቀዝቃዛ ጀምሮ እያሞቁ የመሄድን ነገር የለመድኩት ከዚሁ ነው፤ ሠርግ ላይ እንደምጠቀምበት ሊቃውንቱ ቢያውቁ ምን እንደሚሉኝ እንጃ።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ሠርግ ይቆማል፣ ኪሳችንም ይጾማል። ያኔ በገና ነው፣ በተለይ የዓለሙ አጋ። ዐሥር አውታር፣ ዝቅ ያለ ድምፅ፣ ከአውታሩ ሥር በገባችው ቆዳ የሚመጣው ንዝረት። ግራ እጄ ከመሯሯጥ የዳነው በእሳቸው ነው።

ጋሽ ሙላቱ አስታጥቄን ሁሉም ስለሚያውቃቸው አላስረዝምም። አምስት ድምፅ ባለው ቅኝታችን ሥር ኮርድ ሲያስገቡ ምን ያህል እንደሚቆጥቡ ስሙ። ኮርድ የበዛበት ቅኝት ይጠፋል።

ከውጭ አገርስ? ለእኔ አሜሪካዊው ዘፋኝ ጄምስ ብራውን። የ1960ዎቹና የ70ዎቹ የአዲስ አበባ ባንዶች ሶልና ፈንክ የተባሉትን የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃዎች እየሰሙ ነው ያደጉት። ዓለማየሁ እሸቴም «የኢትዮጵያው ጄምስ ብራውን» የተባሉት በዚያ ዘመን አዘፋፈናቸው ነው። የጄምስ ብራውን ባንድ ውስጥ ጊታሩም ጥሩንባውም እንደ ከበሮ ነው የሚመታው፤ ሁሉም ተበትኖ የመጀመሪያዋ ምት ላይ ይገናኛል። ችክችካ የሚባለውን የጭፈራ ምት ስጫወት ግራ እጄን ሁሉም ቦታ ላይ ከማስገባት ለመጀመሪያዋ ምት ማቆየት የጀመርኩት ይህን ሰምቼ ነው። ጨፋሪው ወዲያው ነው የሚያውቀው፤ ትከሻው ይነግራችኋል።

አሁን ዋሽንት ላይ ነኝ። አንዱን ዋሽንት በአንድ ከፍታ ስለሚጫወቱት ዋሽንተኛ ቁመታቸው የተለያየ በርካታ ዋሽንት ይዞ ይዞራል፤ እኛ ከፍታውን የሚቀይረውን ትራንስፖዝ የሚባል ቁልፍ ተጭነን እንገላገላለን። የምፈልገው ግን ትንፋሹን ነው። ኪቦርድ ትንፋሽ ስለማይጠይቅ ሶሏችን ማለቂያ የለውም፣ ዋሽንተኛ ግን የግድ ማቆም አለበት። ስለዚህ ሶሎ ስጫወት በአፌ ቀስ እያልኩ ወደ ውጭ እተነፍሳለሁ፤ ትንፋሼ ሲያልቅ ጣቴም ይቆማል። ሞክሩት፣ ሐረጎቻችሁ ወዲያው ያጥራሉ። ከታች ሆኖ ለሚያየኝ ሰው ትኩስ ሻይ የማቀዘቅዝ ነው የምመስለው፤ የባንዱ ልጆች እስካሁን ይስቁብኛል።