«ያንኑ ስጡኝ» ያለችው ደንበኛ

መድኃኒት ቤት ውስጥ «ያንኑ ስጡኝ» የሚል ደንበኛ ቶሎ ይስተናገዳል። ያን ቀን የመጣችው ሴት ከቦርሳዋ ያወጣችው የቤታሜታዞን ቅባት ቲዩብ ከታች ጀምሮ ተጠቅልሎ እስከ አንገቱ ስለተጨመቀ ስሙን ለማንበብ እንኳ ያስቸግር ነበር። «ለፊቴ ነው፣ ለብጉር» አለች። ባልደረባዬ አዲሱን አውርዶ ባንኮኒው ላይ አስቀምጦታል።

ቀና ብዬ አየኋት። ግንባሯ ንጹሕ ነው። ብጉሩ የተከማቸው አገጯና መንጋጋዋ ላይ ነበር፤ ያበጠ፣ አፍ ያላወጣ፣ ሲነኩት የሚያም ዓይነት። የዳኑትም ጥቁር ምልክት ትተዋል። ቦታው ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም፤ ሆርሞንን ለመጠርጠር ግን ይበቃል።

ከኋላዋ ሰልፍ ነበር። ስለ ወር አበባ በሰው ፊት ቢጠየቅ «ደህና ነው» ከሚል መልስ ሌላ አይገኝም። «እህቴ፣ አንዴ ወደዚህ ነይ» ብዬ የደም ግፊት ወደምንለካበት ጥግ ወሰድኳት። እዚያ ሁሉንም ነገረችኝ። የወር አበባዋ ሊመጣ ሲል ፊቷ ይብስባታል። አንዳንዴ ሁለት ሦስት ወር ሳይመጣ ይቀራል። አገጯ ላይ ጠንካራ ፀጉር ይበቅልባታል፤ እየነቀለች ትውላለች። ንጽሕና የጎደላት መስሏትም ፊቷን በቀን አምስት ስድስት ጊዜ ትፈትጋለች። ይሄኛው አንጀቴን በላው፤ ቆዳዋን ይበልጥ አስቆጣችው እንጂ ከንጽሕና ጋር የሚያያዝ ነገር አልነበረውም።

አንድሮጅን የሚባሉት ሆርሞኖች በሴትም ሰውነት ውስጥ አሉ። የወዝ እጢዎችን ያነቃቃሉ፤ ወዙ ከሞተ ቆዳ ጋር ተጣብቆ ቀዳዳውን ይደፍናል፣ ባክቴሪያ ይራባበታል፣ ያብጣል። ቤታሜታዞን ስቴሮይድ ስለሆነ እብጠቱን ለጊዜው ያበርደዋል። ሰው የሚታለለውም በዚህ ነው። ሲቆይ ቆዳ ያሳሳል፣ ራሱ ብጉር ያወጣል፣ ሲያቆሙት ደግሞ ያገረሻል። ይህን አስቀድሜ ነገርኳት፤ ካልተነገራት ሲያገረሽባት ወደዚያው ቅባት መመለሷ አይቀርም።

አዳፓሊን የሚባለው የብጉር ቅባት መደርደሪያችን ላይ ነበር፤ አልሰጠኋትም። የወር አበባዋ ለቀረ ሴት እርግዝና አለመኖሩ ሳይረጋገጥ ያን መስጠት ተገቢ አይደለም። የተዛባ የወር አበባ፣ የአገጭ ፀጉርና ብጉር ሲገጣጠሙም ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድረም የሚባለው፣ ሆርሞን የሚዛባበት የእንቁላል እጢ ችግር መመርመር አለበት፤ ይህ ደግሞ የሐኪም ሥራ ነው። ለስላሳ ማጠቢያ ብቻ ሰጥቼ፣ በቀን ሁለቴ ይበቃል ብዬ፣ ለሐኪሙ የነገረችኝን ጽፌላት ሸኘኋት።

ከምርመራው በኋላ ማዘዣ ይዛ መጣች፦ ስፓይሮኖላክቶንና አዳፓሊን። ችግሩ የጠረጠርነው ነበር። ስፓይሮኖላክቶን አንድሮጅን እጢው ላይ እንዳይሠራ ይከላከላል፤ በማኅፀን ያለ ወንድ ፅንስን ሊጎዳ ስለሚችል ግን አስተማማኝ የእርግዝና መከላከያ ያስፈልገዋል። የመከላከያው ዓይነትም ወሳኝ ነው። የፕሮጄስትሮን ዓይነት ሆርሞን ብቻ ያላቸው አንዳንዶቹ ብጉር ያባብሳሉና ያንን ከሐኪሟ ጋር እንድትነጋገርበት አሳሰብኳት።

አሁን እኛ ዘንድ ለፊት ስቴሮይድ የሚጠይቅ ሁሉ መጀመሪያ ወደዚያ ጥግ ይጋበዛል። ሰልፉ ይረዝማል፣ የሚያጉረመርምም አለ፤ እኔ ግን አልደራደርበትም። እሷ ማዘዣውን ይዛ የመጣች ቀን የጠየቀችኝ «መቼ ነው ለውጥ የማየው?» ብላ ነበር። ሦስት ወር ገደማ ጠብቂ፣ በየወሩ በአንድ ዓይነት ብርሃን ፎቶ ተነሺ፣ በመጀመሪያ ሳምንታት ቢደርቅብሽ ማለስለሻ ጨምሪበት እንጂ አታቁሚ አልኳት።