ለአንድ ጣሪያ ሁለት ጊዜ ላለመክፈል

ካሊፎርኒያ ውስጥ ቤት የሚያሳድስ ሰው ይህን አስቀድሞ ይወቅ፦ ለዋናው ኮንትራክተር ሙሉውን ከፍላችሁም፣ እሱ ለሳብኮንትራክተሩ (በሥሩ ሥራ ለወሰደው) ወይም ለዕቃ አቅራቢው ካልከፈለ፣ እነሱ ቤታችሁ ላይ ሊየን፣ ማለትም የዕዳ መያዣ፣ ማስመዝገብ ይችላሉ።

ጣሪያና ኩሽና ሳሠራ ጥንቃቄዬን የጀመርኩት ከውሉ ነው። ፈቃዱን በግዛቱ የኮንትራክተሮች ቦርድ ድረ ገጽ አጣራሁ። ለቤት እድሳት የሚጠየቅ ቅድመ ክፍያ ከ1,000 ዶላር ወይም ከዋጋው 10 በመቶ፣ ከሁለቱ ካነሰው፣ መብለጥ የለበትም። በሥሩ የሚሠሩት ሁሉ በስም እንዲዘረዘሩ፣ ያለ ዌቨር፣ ማለትም የሊየን መብትን የመተው ወረቀት፣ ክፍያ እንደማይለቀቅም አስጻፍኩ።

ሥራው ሲጀመር በፖስታ «ፕሪሊሚነሪ ኖቲስ» (ቅድመ ማስታወቂያ) የሚባል ደብዳቤ ይመጣል። ብዙ ሰው የተከሰሰ መስሎት ይደነግጣል። ለእኔ ግን ከወረቀቱ ሁሉ የሚጠቅመው እሱ ነው፤ ከእኛ ጋር ውል የሌለው ሳብኮንትራክተር ወይም አቅራቢ ሊየን ለማስመዝገብ መጀመሪያ ይህን መላክ አለበት፣ ጊዜውም ሥራ ወይም ዕቃ ማቅረብ ከጀመረ በ20 ቀን ውስጥ ነው። ለእኔ የደረሰኝ ላይ የጣሪያ ዕቃ አቅራቢው ስም፣ አድራሻውና የገመተው ዋጋ ሰፍሯል። ደብዳቤዎቹን ከውሉ ጋር በአንድ ፋይል አድርጌ፣ ቼክ ከመጻፌ በፊት እያንዳንዱን ስም አመሳክር ነበር።

ዌቨር ኮንትራክተሩ ወይም አቅራቢው ሊየን የማስመዝገብ መብቱን መተዉን ፈርሞ የሚሰጠው ወረቀት ነው። ከክፍያ በፊት የሚፈረመው ቼኩ ካለፈ ብቻ የሚጸና ነው፤ ገንዘቡ እጁ ከገባ በኋላ ደግሞ ያለ ቅድመ ሁኔታ የሚጸናውን ይፈርማል። ሁለተኛውን ሳልቀበል ቀጣዩን ክፍያ አልለቅም ነበር።

የጣሪያው ክፍያ ሲደርስ ኮንትራክተሩ የራሱን ዌቨር ብቻ ይዞ መጣ። «የአቅራቢውን ለእኔ ተወው» አለኝ። እኔም ቼኩን በኮንትራክተሩና በአቅራቢው በሁለቱም ስም ጻፍኩት፤ አንዱ ያለሌላው ፊርማ ሊመነዝረው አይችልም። ፊቱ ቢጠቁርም የአቅራቢው ዌቨር ብዙ ሳይቆይ መጣ። ከውሉ አንቀጾች ሁሉ ይህ ቼክ የበለጠ ሠርቶልኛል ብዬ አምናለሁ።

ሥራው ሲያልቅ የማጠናቀቂያ ማስታወቂያ በ15 ቀን ውስጥ በካውንቲው መዝገብ ቤት አስመዘገብኩ። ያለዚያ ሊየን ለማስመዝገብ ሥራው ካለቀ በኋላ 90 ቀን አላቸው፤ ከተመዘገበ ግን ለዋናው ኮንትራክተር ወደ 60፣ ለሌሎቹ ወደ 30 ቀን ይወርዳል። በደሞዝ የሚሠሩ የቀን ሠራተኞች ግን ኖቲስ መላክ ስለማይጠበቅባቸው ፋይሉ ውስጥ አይገኙም። እነሱን ጣሪያው ላይ እያሉ፣ ደሞዛቸው ደርሷቸው እንደሆነ ራሴ ጠየቅኳቸው።