አራተኛው ደራሲ
የቤተ መጻሕፍት ካታሎግ መሥራት ስጀምር አንድ ደንብ ያናድደኝ ነበር። መጽሐፉን ሦስት ሰዎች ከጻፉት የሁሉም ስም ይገባል። አራት ከሆኑ የመጀመሪያው ብቻ ይጻፋል፤ የቀሩት “እና ሌሎች” ተብለው ይታለፋሉ። አራተኛው መጥቶ ሁለቱን ይዞ ይጠፋል! ለጠባብ የካታሎግ ካርድ የሚስማማ ደንብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው አርዲኤ የሚባል አዲስ የካታሎግ ደንብ ገደቡን አነሳው። ተመስገን።

አሁን ትግሌ ከማርክ ጋር ነው። ኮምፒውተር የካታሎግ መረጃን የሚያነብበት፣ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ ያለ ቅርጽ ነው፤ የደራሲው ስም መስክ 100 ላይ እንደ ተራ ጽሑፍ ይቀመጣል። ባለፈው ሳምንት አንድ ደራሲ በሦስት አጻጻፍ ሦስት ሰው ሆኖ አገኘሁት። መረጃዎች በመለያ እርስ በርስ በሚገናኙበት በተያያዥ ዳታ ግን ሰውየው አንድ ቋሚ መለያ ይኖረዋል። ስሙ በየትኛውም ፊደል ቢጻፍ ወደዚያው ይመራል። ማርክን እንዲተካ የታሰበው ቢብፍሬም የተነሳው ለዚህ ነው። እኔ ግን ሦስቱን ገና በእጄ እያዋሃድኩ ነው።