ጽዋ ማኅበር እንዴት እንዳደራጀንና ከሥራው ያገኘነው ትምህርት

ይህን የምንጽፈው በሠፈራቸው ወይም በአጥቢያቸው ጽዋ ማኅበር ለመጀመር ለሚያስቡ ወገኖች ነው። ጽዋ ማኅበር አባላቱ በየወሩ በአንድ በዓል ስም፣ በየቤታቸው በተራ እየደገሱ፣ የሚጸልዩበትና ማዕድ የሚቋደሱበት ማኅበር ነው። የእኛ ማኅበር በየወሩ በ16 በኪዳነ ምሕረት ስም የሚጠጣ ነው። ሥርዓቱን ስናወጣ ሁሉንም ያሰርንበት አንድ ውሳኔ አለ፤ የማኅበሩ ወጪ የሚለካው ከአባላቱ መካከል ኑሮ በከበደው ሰው አቅም ነው። ይህ ካልጸና ፍቅር የተባለው ነገር ቀስ በቀስ ባለጸጋው የሚያሳየው፣ ድሃው የሚሸማቀቅበት ግብዣ ይሆናል።

ቀን ስንመርጥ መጀመሪያ ያደረግነው አባል ለመሆን የሚፈልገውን ሁሉ ሌላ ማኅበር እንዳለውና በስንት እንደሆነ መጠየቅ ነው። 12 ሚካኤልን፣ 21 ማርያምን፣ 27 መድኃኔዓለምን ብዙ ሰው ቀድሞ ይዟቸዋል። ሁለት ማኅበር በአንድ ቀን ያለበት ሰው አንዱን እያቋረጠ ወደ ሌላው ይሮጣል፤ ሲሰለች ሁለቱንም ይተዋል። ከሁሉ ነጻ ሆኖ ያገኘነው 16 ነበር።

ቀኑ ከተመረጠ በኋላ ዓመቱን ሙሉ ከባሕረ ሐሳቡ (የበዓላትና የአጽዋማት ማውጫ ቀመር) ጋር ማስተያየት የግድ ነው፤ ብዙ ጀማሪ ማኅበራት ይህን ይዘሉታል። በእኛ ቀን መስከረም 16 ደመራ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ሰው ስለማይገኝ ጽዋው የሚነሣው ጠዋት ነው። ኅዳር 16ና ታኅሣሥ 16 በነቢያት ጾም ውስጥ ይውላሉ። መጋቢት 16 ምንጊዜም ዐቢይ ጾም ነው፤ ጾሙ ቢዘገይ ከመጋቢት 5 አያልፍም፣ ፋሲካም ቢቀድም ከመጋቢት 26 በፊት አይውልም። የካቲት 16 ዓመታዊው የኪዳነ ምሕረት በዓል ሲሆን እንደ ዓመቱ ጾም ውስጥ ይገባል ወይም ከጾም ውጭ ይቀራል። ነሐሴ 16 ደግሞ ፍልሰታ የሚፈታበት ቀን ነው፤ ረቡዕ ወይም ዓርብ ካልዋለ በቀር ሰው ሁሉ ዶሮ ይጠብቃል። ተራው ሁልጊዜ በነሐሴ የሚወድቅበት አባል ከሌላው እጥፍ ያወጣል ማለት ነው። ስለዚህ ተራው በቋሚነት አይያዝም፤ የመጪው ዓመት ወራት በየዓመቱ በዕጣ ይከፋፈላሉ። ዕጣው የሚወጣው ሰኔ 16 ነው፤ የመስከረሙ ተረኛ በቂ ጊዜ እንዲያገኝ።

የአባላቱን ቁጥር 12 ያደረግነው በሐዋርያት ቁጥር ነው፤ ለሥራም ይመቻል። እያንዳንዱ ቤት በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ይደግሳል። ባልና ሚስት እንደ አንድ አባል ይቆጠራሉ። የማኅበሩ ካህን ተራ የለባቸውም። ሰብሳቢው ሙሴ ይባላል፤ ከእርሱ ጋር አንድ ጸሐፊና አንድ ገንዘብ ያዥ አሉ። ሦስቱም ለአንድ ዓመት ያገለግላሉ፤ ሙሴው ለሁለተኛ ጊዜ ሊመረጥ ይችላል፣ ለሦስተኛ ግን አይመረጥም።

ድግሱ ላይ እንቆይ፤ ማኅበራት በአብዛኛው የሚፈርሱት እዚህ ነውና። አንዱ ቤት ጥብስ ይጨምራል፣ ቀጣዩ ክትፎ፣ ሌላው ለስላሳና ቢራ በሳጥን። በዚህ መሐል አንድ አባል ተራው ሲደርስ «ሥራ በዛብኝ» ብሎ መቅረት ይጀምራል። በእውነት የጎደለው ገንዘብ ነው፤ አፍሮ አይናገርም። ሕጋችን እንዲህ ይላል፦ አንድ ድፎ ዳቦ፣ ቆሎ ወይም ንፍሮ፣ አንድ ዓይነት ወጥ ከእንጀራ ጋር፣ ጠላ። ወጡ በጾም ሽሮ ወይም ምስር ነው፤ በፍስክ ምን እንደሚሆን ዕጣው በሚወጣበት ቀን ለዓመቱ ሁሉ ይወሰናል። የተረፈው ሰው ሊጨምር ከወደደ ጭማሪውን ወደ ማኅበሩ ሳጥን ያስገባል እንጂ ማዕዱ ላይ አያቀርብም። በዚህ ሕግ ላይ ማላላት የለም።

ልኩን ለሚፈልግ፦ እንግዳ ተጨምሮ 20 ሰው ቢመጣ 3 ኪሎ የስንዴ ዱቄት የሚጠይቅ ድፎ ዳቦና 20 ሊትር ጠላ ይበቃል። ጠላው ጌሾው ተጠንስሶ፣ ድፍድፉ ደርሶ፣ ተበጥብጦ እስኪጠጣ አንድ ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ተረኛው ጥንስሱን ከ5 ቀን በፊት ብቻ ከጣለ ያልደረሰ ጠላ ያቀርባል፤ የሰውን ሆድ ይነፋል። ጠላ የማይጠጡ አባላት ስላሉ አንድ ማሰሮ የማር ብርዝ ይዘጋጃል። ብርዙ በዕለቱ የተበጠበጠ ይሁን፤ ካደረ መፍላት ይጀምራል።

የዕለቱ ሥርዓት ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ጧፍ ይበራል፣ ካህኑ ጸሎት ያደርሳሉ፣ የዕለቱ ወንጌል በአማርኛ ይነበባል፣ 15 ወይም 20 ደቂቃ ትምህርት ይሰጣል። ከዚያ ዳቦው ተባርኮ ይቆረሳል፣ ከጽዋው ሁሉም ይቀምሳል፣ ማዕድ ይቀርባል። ትምህርቱን ከማዕድ በኋላ ማድረግ አይሠራም፤ የጠገበ ሰው ይደክመዋል፣ ግማሹም ልጆቹን ይዞ ይሄዳል። በመጨረሻ ቀጣዩ ተረኛ ጽዋውን ተሸክሞ በዝማሬና በእልልታ እስከ ቤቱ ይሸኛል። ቤቱ ሩቅ ከሆነ እስከ መኪናው መሸኘት ይበቃል።

ስለ መንፈሳዊ ዕድገት የያዝነው ልማድ አጭር ነው። እያንዳንዱ አባል ለመጪው ወር አንድ ሥራ ለራሱ ይወስናል፦ የጠዋት ጸሎት ሳያቋርጥ ማድረስ፣ ከተጣላው ወንድሙ ጋር መነጋገር፣ የታመመ ጎረቤት መጠየቅ፣ ለሠራተኛው የዘገየ ደመወዝ መክፈል። ጮክ ብሎ መናገር ግዴታ አይደለም። በሚቀጥለው ወርም «ፈጸምክ ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ በአደባባይ መጠያየቅ ሰውን ወደ ማስመሰል ይነዳል። ኃጢአት በማኅበር ላይ አይነገርም። እርሱ የንስሐ አባት ድርሻ ነው፣ ቦታውም ሌላ ነው። ይህን ድንበር ያላኖረ ማኅበር የአባላቱን ምሥጢር በሠፈሩ ሁሉ ሲዞር ያገኘዋል።

የተጣሉ ሰዎች ሳይታረቁ ከአንድ ጽዋ አይጠጡም። ሕጉ የቆየ ነው፤ ሊታሰብበት የሚገባው ጊዜው ነው። እርቁ በዕለቱ፣ ሰው ሁሉ ተቀምጦ ዳቦው እየጠበቀ ሲደረግ የተበደለው ሰው ከይሉኝታ የተነሣ «ይቅር ብያለሁ» ይላል፤ ቂሙ ግን ቤቱ ይከተለዋል። እኛ ሙሴው በወሩ በ10 ለአባላቱ ሁሉ እየደወለ ቅሬታ እንዳለ ይጠይቃል። ካለ ሁለቱም ወገን የሚስማሙባቸው ሦስት ሽማግሌዎች ይሰየማሉ። መጀመሪያ ለየብቻ ያነጋግራሉ፣ ቀጥሎ ያገናኛሉ። የገንዘብ ጉዳይ ካለበት የሚመለሰው መጠንና ቀኑ በጽሑፍ ይያዛል። ክፍያው ሳይቆረጥ በይቅርታ ብቻ የተዘጋ የገንዘብ ጠብ ተመልሶ ይነሣል። እርቁ እስከ 16 ካልደረሰ ሁለቱም መጥተው ይቀመጣሉ፣ ጸሎቱን ይሰማሉ፣ ከጽዋው ብቻ ይታቀባሉ። ማንም ከበር አይመለስም።

ወርኃዊ መዋጮው ሁሉም ያለ ጭንቀት የሚከፍለው ነው። መጠኑን ለመወሰን እያንዳንዱ የሚችለውን በወረቀት ሳይፈርም ጽፎ አጥፎ ይሰጣል፤ ዝቅተኛው ቁጥር ይጸድቃል። ሳጥኑ ሦስት ቁልፍ አለው፤ አንዱ በሙሴው፣ አንዱ በጸሐፊው፣ አንዱ በገንዘብ ያዡ እጅ ይሆናል። ግማሹ ከማኅበሩ ውጭ ላለ ችግረኛ፣ ሩቡ ችግር ለገጠመው አባል፣ ሩቡ ለጧፍ፣ ለዕጣንና ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ይውላል። ከሳጥኑ ብድር አይሰጥም። ተበዳሪ ቀኑ ሲያልፍበት ከማኅበሩ ይርቃል፤ ገንዘቡም ሰውየውም ይጠፋሉ። ለቀብር ዕድር አለ፣ ለቁጠባ ዕቁብ አለ፤ ጽዋውን ከሁለቱ ጋር ማደባለቅ አያስፈልግም።

ስጦታ ሲደርስ የሚሄዱት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። 12 ሰው አንድ ጠባብ ቤት ቢገባ አስተናጋጇ ቡና ለማፍላት ስትል ትበደራለች። ፎቶ አይነሣም፣ የማኅበሩ ስም አይለጠፍም። ከመሄድ በፊት ምን እንደጎደለ ይጠየቃል፤ ዱቄት ያላት እናት የሚያስፈልጋት የቤት ኪራይ ሊሆን ይችላል። ዕርዳታ በዘመን መለወጫ፣ በገናና በፋሲካ ይበዛል፤ ሐምሌና ነሐሴ ግን የሚያስታውስ የለም። ዝናቡ የቀን ሥራን ያስቀራል፣ የቤት ጣሪያ ያፈሳል፣ የትምህርት ወጪም ከፊት አለ። ስለዚህ በዓመት አንድ ጊዜ ብዙ ከመስጠት ለአንድ ቤተሰብ በየወሩ ጥቂት እንሰጣለን፤ በጳጉሜን ለልጆቹ ደብተርና እስክሪብቶ ይጨመራል። ሕመምተኛ ሲጠየቅ ከ20 ደቂቃ በላይ አይቆይም፤ ምግብ ከመውሰድ በፊት ሐኪም የከለከለው እንዳለ አስታማሚው ይጠየቃል። ወደ ማረሚያ ቤት ከመሄድ በፊት ምን ማስገባት እንደሚፈቀድ በር ላይ ማጣራት ያስፈልጋል።

በውጭ ያሉ ወገኖች ቀኑን ከሥራ ጋር ማስማማት ይቸግራቸዋል። በአሜሪካ ብዙዎች ለ16 ወደሚቀርበው እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ ያዞሩታል። በዓረብ አገር በሰው ቤት ለሚሠሩ እኅቶች ቤት ውስጥ መደገስ አይቻልም። ለእነርሱ የሚሻለው ጽዋውን በቤተ ክርስቲያን ማኖርና ወጪውን መጋራት ነው፤ ፈቃድ ያላገኘች እኅት ድርሻዋ ይቀመጥላታል፣ እንደ ቀረች አይቆጠርባትም።

አዲስ አባል ሲመጣና ቁጥሩ 12 ሲያልፍ ሁለት ቤት በአንድ ወር ተጋግዞ ይደግሳል። ይህ እስከ 24 ይሠራል። ከዚያ በላይ ሰው ቤት ውስጥ አይበቃም፣ ትምህርቱም አይሰማም። ያኔ ማኅበሩ በሠፈር ለሁለት ይከፈላል፣ አዲሱ ወገን የራሱን ቀን ይመርጣል፣ የመጀመሪያውን ጽዋና የሳጥኑን ግማሽ ነባሩ ማኅበር ይሰጠዋል፤ ካህኑም ሁለቱን እስከ ቀጣዩ ሰኔ ያገለግላሉ።